ልጄ ለሦስት ሳምንት ዩጋንዳ ሄዳ ሕፃናት ልትንከባከብ ነው፤ እናንተ ብትሆኑ ትልኳት ነበር? (ጥያቄዬና የመጡት 23 ምላሾች)

ከአንድ ወር በፊት በዚህ መድረክ ላይ ያቀረብሁት ጥያቄ ይህ ነበር። ቨርጂኒያ ተወልዳ ያደገች የ19 ዓመት ልጅ አለችኝ። ኮሌጅ ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ሐኪም ለመሆን ታስባለች። በመጪው ክረምት በምሥራቅ ዩጋንዳ ከጂንጃ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገጠር መንደር፣ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ለሦስት ሳምንት በበጎ ፈቃድ ልታገለግል ተመዝግባለች። ጉዞውን የሚያዘጋጀው ድርጅት የአውሮፕላን ትኬቱን ሳይጨምር 2,900 ዶላር የሚጠይቅ ሲሆን 500 ዶላሩን ቀብድ ከፍለናል። የሥራው ዝርዝር ሕፃናትን ማቀፍ፣ መመገብ፣ ማጫወትና እንግሊዝኛ ማስተማር ይላል። አባቷ መርቆ ፈቅዷል፤ እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ልጄ እዚህ አሜሪካ በአንድ የሕፃናት መዋያ ለመሥራት ባመለከተች ጊዜ አሻራ ሰጥታ፣ ከወንጀል ነፃ መሆኗ ተጣርቶና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስዳ ነው የተቀበሏት። ይህኛው ድርጅት የጠየቃት ግን የፓስፖርቷን ቅጂና የባንክ ካርዷን ቁጥር ብቻ ነው።

ሃያ ሦስት ምላሽ መጣ። የውይይቱ ክር ስለረዘመና አንዳንዱም ከመስመር ስለወጣ፣ ዘግይታችሁ ለደረሳችሁ በቁጥራቸው እየጠራሁ በራሴ አንደበት ልተርክላችሁ። ሁሉንም እኩል አልተርከውም፤ አንዳንዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋለሁ።

1ኛውን ምላሽ የጻፉት ቶሮንቶ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ በምርቃት ጀምረው በምርቃት ጨረሱ። ልጃቸው ከአምስት ዓመት በፊት ጋና ሄዶ አንድ ወር ቆይቶ እንደተመለሰ፣ ከዚያ ወዲህ ምግብ ደፍቶ እንደማያውቅ፣ ጫማ ግዙልኝ ማለት እንደተወና ለአያቱ በየእሑዱ እንደሚደውል አጫወቱን። ስለ ጋና ልጆች ግን አንድም ቃል አልጻፉም። ይህን የምለው እሳቸውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው አላስተዋልሁትም ነበር። ያስተዋለው 15ኛውን ምላሽ የጻፈው ሰው ነው፤ እርሱ ጋ እንደርሳለን።

2ኛው ምላሽ ከካምፓላ መጣ። ጸሐፊው የሐበሻ ምግብ ቤት በበዛበት በካባላጋላ ሰፈር አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ነጋዴ ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ጂንጃ ለሥራ ይመላለሳል። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው እዚያ ስለሆነ ከተማዋን ቱሪስት አይለያትም። እርሱ በመንገዱ እንደታዘበው የማሳደጊያዎቹ ሰሌዳ የሚበዛው ሆቴሉና የጀልባ መዝናኛው ባለበት እንጂ ችግር በጠናበት ሩቅ ገጠር አይደለም፤ ከዚህም ተነሥቶ ነገሩን የምናየው ገልብጠን ነው አለ። ልጆች ስለበዙ ብቻ ማሳደጊያ አይከፈትም፤ ከፍሎ የሚጎበኝ ሰው ስላለ ማሳደጊያ ይከፈታል፣ ከዚያም የሚሞሉት ልጆች ይፈለጋሉ። በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ልጆች ውስጥ ከመቶ ሰማንያ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት እንዳላቸው በመስኩ የሚሠሩ ድርጅቶች ደጋግመው የሚጠቅሱትን ግምት አነሣ። ወላጆቹ ልጃቸውን የሚሰጡት ጠልተውት ሳይሆን፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነፃ ነው ቢባልም ለምሳ፣ ለደብተርና ለደንብ ልብስ የሚጠየቁት ስለሚያቅታቸው እንደሆነም አስረዳ። በመጨረሻ የጻፈው ልጄን በቀጥታ የሚመለከት ነበር። በዩጋንዳ ገጠር፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በተዘረጋው ሥርዓተ ትምህርት፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት በአካባቢው ቋንቋ ነው፤ የጂንጃ ገጠር ቋንቋ ደግሞ ሉሶጋ ነው። ሉሶጋ የማታውቅ ልጅ ሰባት ዓመት ለሞላው ሕፃን ከዘፈንና ከቀለማት ስም አልፋ ምን እንደምታስተምረው ጠየቀ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

3ኛው ምላሽ ዱላ ይዞ መጣ። ከዳላስ የጻፈ ሰው ካምፓላ ያለውን ወንድማችንን ራሱ የማይረዳ፣ የሚረዳውንም የሚያደናቅፍ ብሎ ገሠጸው፤ ሐበሻ ለደግ ሥራ ሲነሣ እግሩን የሚጎትተው ያው ሐበሻ ነው ሲልም አከለ። ስለ ቋንቋውም ሆነ ስለ ወላጆቹ ለተነሣው ነጥብ አልመለሰም።

በ4ኛው ምላሽ አንዲት እህት ልክ በጂንጃ የሆነውን የረኔ ባክን ጉዳይ አነሣች። እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ይባስ ብሎ ሴትዮዋ ከዚሁ እኛ ከምንኖርበት ከቨርጂኒያ ግዛት ናት። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ እያለች በበጎ ፈቃድ ጂንጃ ሄደች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመልሳ የራሷን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመች። የሕክምና ትምህርት ሳይኖራት ድርጅቷ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ተቀብሎ ማከም ያዘ፤ ከ2010 እስከ 2015 ከተቀበላቸው 940 ገደማ ሕፃናት 105ቱ ሞቱ። የወረዳው የጤና ኃላፊ ማዕከሉን በ2015 ዘጉት። እህታችን ግን ሴትዮዋ ተፈርዶባት እስር ቤት ናት ብላ ደመደመች።

ይህን 5ኛው ምላሽ አረመው። ጸሐፊው ሚኒያፖሊስ የሚኖር የሕግ ባለሙያ ሲሆን፣ በትሕትና ነገር ግን ሳያለዝብ፣ ጉዳዩ የወንጀል ሳይሆን የፍትሐ ብሔር ክስ እንደነበር አስረዳ። ክሱን በ2019 የመሠረቱት ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሁለት እናቶችና አንድ የዩጋንዳ የሴቶች መብት ተሟጋች ድርጅት ናቸው። ሴትዮዋ ሐኪም ነኝ አላልሁም ስትል ተከራከረች፤ ነገሩም በ2020 በስምምነት ተቋጭቶ፣ ጥፋት መፈጸሙ ሳይታመን ለእያንዳንዷ እናት 9,500 ዶላር ገደማ ተከፈለ። ከምግብ እጥረት ጋር የሚመጡ ሕፃናት ሐኪም ባለበት ሆስፒታልም እንደሚሞቱ፣ ስለዚህ ከቁጥሩ ብቻ ፍርድ መስጠት እንደማይገባ አስገነዘበ። በወንጀል የተፈረደበትን ከፈለጋችሁ ግን አለና፣ ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ በበጎ ፈቃደኛነት ያገለግል የነበረ የኦክላሆማ ወጣት በልጆቹ ላይ በፈጸመው የወሲብ ጥቃት በ2016 በአሜሪካ ፍርድ ቤት 40 ዓመት እንደተፈረደበት አመለከተ። ወደ እኔ ጥያቄ የተመለሰው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ልጅሽን ስለ ወንጀል መዝገቧ ካልጠየቃት ከእርሷ በፊት የሄዱትንም፣ ከእርሷ ጋር በአንድ ግቢ የሚያድሩትንም አልጠየቀም ማለት ነው አለኝ። እንቅልፍ የነሣኝ ነገር ምን እንደነበር በትክክል የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ስሰጋ የነበረው ለልጄ ነበር።

6ኛዋ ከስቶክሆልም የጻፈች ነርስ ናት። ሕፃን ልጅ አዲስ ሰው ባየ ቁጥር እየሮጠ የሚያቅፍ ከሆነ ጎብኚው ፍቅር ይለዋል፤ በሙያው ግን ማንን አጥብቆ መያዝ እንዳለበት ያላወቀ ልጅ ምልክት ሊሆን ይችላል ስትል አስረዳች። እ.ኤ.አ. በ2000 ቡካሬስት ላይ የተጀመረውን፣ 136 ሕፃናትን ከማሳደጊያና ከአሳዳጊ ቤተሰብ ጋር እያነጻጸረ ለዓመታት የተከታተለውን ጥናት ጠቅሳ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የገቡት ከቀሩት የተሻለ እንዳገገሙ ጻፈች። በየሦስት ሳምንቱ የሚለዋወጡ አቃፊዎች ምን እንደሚያደርጉ እናንተው አስቡት ብላ ተወችው።

7ኛው፣ 8ኛውና 9ኛው ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ስለ መዋኘትና ስለ ቢልሃርዝያ ነበሩ። ጠቃሚ ናቸው፤ ጥያቄዬ ግን አልነበሩም።

10ኛውን የጻፉት በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ፣ በመድረኩ ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። የፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ አንድ ተደርጎ መወቀሱ አላስደሰታቸውም። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለታቸው ነው፣ ደብረ ማርቆስ ሳይንስ ያስተማራቸው ፒስ ኮር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት የላከው አስተማሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወደ 280 የሚጠጉት እ.ኤ.አ. በ1962 አገራችን እንደገቡ አስታወሱና፣ የእሳቸው አስተማሪ ሁለት ዓመት ሙሉ ከከተማው ሰው ጋር ኖሮ፣ አማርኛ ተምሮ፣ ሰኔ ላይ ፈተና አርሞ፣ ልቅሶ ቤት ተቀምጦ እንደሄደ በዝርዝር ተረኩ። ከትረካቸው ያስቀረሁት ብዙ ነው፤ አንዱን ግን ልተው አልቻልሁም። ያ ሰው ተቀጥሮ ሲሠራ የነበረው በመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር፤ የሚያዙት ኢትዮጵያዊው ርእሰ መምህር ሲሆኑ፣ ሲያረፍድም ይቆጡት ነበር። የልጅሽ አለቃ ማን ነው፣ ብታረፍድስ ማን ይቆጣታል ሲሉ ጠየቁኝ። ድርጅቱን ደውዬ ጠየቅሁ፤ አስተባባሪ አለ ተባልሁ፤ አስተባባሪው የሚኖረው ኬንያ ነው።

11ኛዋ፣ እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ጋሼን አክብረው ተከራከሯቸው። እሳቸው በ1967 ዓ.ም. ለእድገት በሕብረት ዘመቻ ሲጠሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ፤ የደረሳቸውም ጋሞ ጎፋ ነበር። በገዛ አገራቸው፣ ዓመት ተቀምጠውም እንኳ የመንደሩን ቋንቋ ስለማያውቁ አስተማሪያቸው የሆኑት ልጆቹ እንደነበሩ፣ መሰንበት ብቻውን ሰውን ጠቃሚ እንደማያደርገው ጻፉ። በጎ ፈቃድ የሚባል ነገርም ያኔ እንዳልነበረ፣ አልሄድም ያለ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠል እንደማይችል ማንም ያውቅ እንደነበር በምሬት አከሉ። 12ኛው ከዚህ ተነሥቶ ወደ ደርግ፣ 13ኛው ደግሞ የፒስ ኮር ሰዎች ሰላዮች ነበሩ ወይስ አልነበሩም ወደሚለው የማያልቅ ክርክር ወሰዱን፤ ወደዚያ አልመልሳችሁም።

14ኛው ምላሽ የማሳደጊያዎች ጠበቃ ነበር፤ ከቀረቡት ተቃውሞዎችም ሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለኛል። ጸሐፊዋ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስታወሰችን። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ በረኃብ ያለቁ ሰዎችን አይተው፣ ሁለት ሕፃናት ይዘው እንደተመለሱ፣ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ሃያ አንድ ደርሰው ትዳራቸውን እንደለቀቁላቸው ጽፋ፣ ያኔ አንድ ሰው ለልጅ የሚበጀው ቤተሰብ ነውና ተዪ ቢላቸው ኖሮ የት ይሆኑ ነበር ስትል ጠየቀች። ልክ ናት፤ ቤተሰቡ በረኃብ ያለቀበት ልጅ ሌላ ምን አለው? ነገር ግን አበበች ጎበና በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ አርባ ዓመት ያህል ከልጆቹ አልተለዩም። ለእናትነታቸው የመመለሻ ትኬት አልቆረጡም።

15ኛው ምላሽ ረጅም ነው፤ እኔም ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። የጻፈው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በአንዲት የገጠር ከተማ ዳር በነበረ ማሳደጊያ ውስጥ ከአምስት ዓመቱ እስከ አሥራ አራት ዓመቱ ያደገ፣ አሁን ጀርመን አገር በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የሚኖር ሰው ነው። የማሳደጊያውን ስም አልጠቀሰም፤ በተጨባጭ ክፉ ሰዎች እንዳልነበሩና ጠግቦ እንደበላ ደጋግሞ ተናግሯል። አባቱ ሞቷል፤ እናቱ ግን በሕይወት ነበሩ፤ ከማሳደጊያው በእግር አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ ቀበሌ እንሰት ፍቀው፣ ቅዳሜ ገበያ ቆጮ ሸጠው ሁለት ታናናሾቹን ያሳድጉ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጥተው ያዩታል። ክረምት ላይ ግን ፈረንጆቹ ስለሚመጡ እስከ መስከረም ባይመጡ እንደሚሻል ዘበኛው ይነግራቸዋል። እርሳቸውም አይመጡም።

ከጎብኚዎቹ መካከል ስሟን እስከ ዛሬ የሚያስታውሳት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋ ከልጄ ዕድሜ አይርቅም። አራት ሳምንት ሙሉ ከጎኑ አልለየችውም፤ ጫማ ማሰር ያስተማረችው እርሷ ናት። በመጨረሻው ቀን አልቅሳ፣ በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ ብላ ሄደች። እርሱ የሚቀጥለውን ዓመት ግንቦት ላይ መጠበቅ ጀመረ፤ ሐምሌ ላይ የመጣው መኪና ሌሎች ሰዎችን አወረደ። ከዚያ በኋላ የማንንም ስም ላለመያዝ እንደወሰነ፣ ሁሉንም ሚስ እያለ ይጠራ እንደነበር ጻፈ። ደህናው ልብስ የሚወጣው ከተቆለፈው መጋዘን ጎብኚ ሲመጣ ብቻ መሆኑን፣ መዝሙሩን፣ ሥዕሉን፣ ስለ ቤተሰቡ ሲጠየቅ አንገቱን መድፋት ከትልልቆቹ ልጆች መማሩን ተረከ። እናት የለኝም ብሎ በአፉ አልተናገረም፤ አለኝ ብሎም አልተናገረም።

ልጄን አትሂድ አላለኝም። ለቶሮንቶዋ እናት ግን፣ ስድብ በሌለበት ቃል፣ ልጅዎ ምን ይዞ እንደተመለሰ ነገሩን፤ ምን ትቶ እንደመጣስ ጠይቀውት ያውቃሉ ወይ አላቸው። እሳቸውም በ16ኛው ምላሽ አልጠየቅሁትም ብለው በአንድ መስመር መለሱ። በዚህ መድረክ እንዲህ ያለ መልስ ብዙ አላየሁም።

17ኛው እኔን ነበር የመታው። ስሙን ያልገለጸ ሰው፣ ይህ ሁሉ ወሬ ለሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻ የሚሆን አንድ ገጽ ድርሰት ለማግኘት መሆኑን ለምን ሸሸግሽን፣ የድሃ ልጅ ፎቶ ተደግፋ ሐኪም ልትሆን ነው ወይ ሲል ጻፈ። አነጋገሩ ጸያፍ ስለነበር የመድረኩ አስተባባሪዎች ከፊሉን አንሥተውታል። ቁጣዬ ከበረደ በኋላ ግን ልጄን ጠየቅኋት፤ አማካሪዋ ያን የመሰለ ልምድ ይጠቅምሻል እንዳላትም ነገረችኝ። ስለዚህ ስድቡን ብጥለውም ጥያቄውን መጣል አልቻልሁም።

18ኛው የካምፓላው ነጋዴ ነው፤ የዳላሱን ሰው ስድብ ሳያነሣ ተመለሰ። ወደ ማንኛውም የልጆች ቦታ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ አራት ነገሮችን ዘረዘረልኝ፤ የልጆቹ ወላጆችና ዘመዶች የት እንዳሉ መዝገብ አለ ወይ፣ ካለስ ወደ ቤታቸው ለመመለስ ምን እየተሠራ ነው፣ የእንግዳው የወንጀል መዝገብ ይጣራል ወይ፣ ሥራውስ እንግዳው ባይመጣ በአካባቢው ሰው በደመወዝ የሚሠራ ነው ወይ የሚሉ ናቸው።

19ኛው የመንግሥታትን እርምጃ ሰበሰበ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ማሳደጊያዎችን እየዘጋች ልጆቹን ወደ ቤተሰብ መመለስ እንደያዘች፣ ኬንያ በ2017 አዳዲስ ማሳደጊያዎችን መመዝገብ እንዳቆመች፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ የማሳደጊያ በጎ ፈቃደኝነትን ጉዳት እንዳነሣ ጻፈ። የእኛም ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከልክሏል። 20ኛውና 21ኛው በዚህች ቃል ላይ ቆሙ። አንደኛው ጉዲፈቻ ከኦሮምኛ የተወሰደ ቃል መሆኑን፣ የወሰደ ሰው ልጁን ከአብራኩ ከወጣው እንደማይለይ አስረዳ፤ ሌላዋ ስለ ጡት ልጅ፣ ማር በተቀባ አውራ ጣት ስለሚፈጸመው ሥርዓት ያያቷን ታሪክ አጫወተችን። ከርእስ ወጡ ሊባል ይችላል፤ እኔ ግን እንዳልወጡ ነው የማምነው።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ ማንበብ ግን ይከብዳታል። ስለዚህ ቅዳሜ ጧት ቡና እያፈላሁ ክሩን አነበብሁላት። 15ኛው ላይ ስደርስ ከመጀመሪያው ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ማታውን የካምፓላውን ሰው አራት ጥያቄዎች ወደ እንግሊዝኛ መልሳ፣ በራሷ ስም ለድርጅቱ ላከች። ከሁለት ቀን በኋላ የመጣው መልስ ስለ ወላጆቹም ስለ መዝገቡም ምንም አይልም፤ ጓደኛ ይዛ ከመጣች ከክፍያው 300 ዶላር እንደሚቀነስላት ግን ይገልጻል። ምዝገባዋን ሰረዘች። መሰረዟን በክሩ ላይ ስጽፍ 22ኛው ምላሽ ከዳላሱ ሰው መጣ፤ የልጅሽን ልብ ሰበራችሁ አለን። ተሰብሯል፤ ለሳምንት ያህል ከማናችንም ጋር ደኅና አልተነጋገረችም።

በ23ኛው ምላሽ አንዲት እህት የከፈልነው 500 ዶላር ይመለስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይመለስም። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ሳናነብ ፈርመናል።